ፀጉር ወለደች የተባልኩበት ዓመት

ሆዴ መጨመሩን መጀመሪያ የነገረኝ ልብሴ ነው። ዳንግላ ገበያ አጠገብ ካለ የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ ስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የሴት ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። አንድ ጠዋት በዚያው ክረምት ለራሴ የሰፋሁት ቀሚስ ወገቡ ላይ አልዘጋ አለኝ። ታጥቦ የተኮማተረ መስሎኝ ጎኑን ተርትሬ ለቀቅ አደረግሁት። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ጠበበኝ። ግራ የገባኝ ግን ክንዴና ፊቴ እየከሱ መሆናቸው ነው፤ የሚያድገው ሆዴ ብቻ ነበር።

ባሌ ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ከዳንግላ ባሕር ዳር ይመላለሳል። ከተጋባን ዓመታት አልፈዋል፣ ልጅ ግን አልነበረንም። እናቱ ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የጥርባ ገጠር ሴት ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው፤ አማርኛን የተማሩት ገበያ ሲወጡ ሲወርዱ ነው። እኔ ደግሞ ያደግሁት ቆላ ነው። ወላጆቼ በሰፈራ ዘመን ከወሎ መጥተው እዚያው አርሰው የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። ዳንግላ ስፌት ልማር መጥቼ በዚያው ቀረሁ።

አማቴ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ጎረቤት ሲመጣ ግን በአገውኛ ይጨዋወታሉ፤ እኔ ስገባ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ቋንቋውን ባልሰማም ወሬው ስለ ልጅ መሆኑን አውቅ ነበር። ስለዚህ ሆዴ ገፋ ሲል የቤታችን አየር ተለወጠ። አንድ ቀን የውኃ ጀሪካን ላነሳ ጎንበስ ስል መጥተው ከእጄ ወሰዱት።

«ተይው፣ እኔ አስገባዋለሁ» አሉኝ።

«እማማ፣ የሚያስቡት ነገር አይመስለኝም። ከፋርማሲ መመርመሪያ ገዝቼ ተመርምሬ ነበር፤ የለም ነው የሚለው።»

«የዛሬ መሣሪያ ምኑን ያውቃል? እኔ ዓይን አለኝ።»

ጀሪካኑን ይዘው ገቡ። ፊታቸው ላይ ከዚያ በፊት ለእኔ ሲሆን አይቼው የማላውቀው ደስታ ነበር። መሣሪያው ተሳስቶ እሳቸው ልክ ቢሆኑ ብዬ ተመኘሁ።

ግን ሕመሙ መጣ። ስፌት መኪናዬን በእግሬ ስረግጥ ግራ ጎኔን ወደ ታች ይዞ ይወጋኛል። ሲመሽ ያተኩሰኛል። ሁለት ጉርሻ በልቼ ሰባት እንጀራ የበላሁ ያህል ይነፋኛል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ታይፎይድ ነው ተብዬ ክኒን ዋጥኩ። ክኒኑ አለቀ፣ ሕመሙ አላለቀም። በመጨረሻ ባሌ ከሥራ ቀርቶ ከተማችን ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ለአልትራሳውንድ ወሰደኝ። መርማሪው ሆዴ ላይ የተቀባውን ቅባት በመሣሪያው እያንሸራተተ ወደ ግራ ጎኔ ደጋግሞ ተመለሰ።

«ልጅ ነው?» አለ ባሌ። መጠየቅ አልነበረበትም፤ ግን አልቻለም።

«ልጅ አይደለም። ግራ በኩል እጢ አለ። ሆዷም ውኃ ቋጥሯል። እንጅባራ ሂዱ፣ ስፔሻሊስት ይያት።»

ቤት ስንመለስ ለአማቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሰምተው ነጠላቸውን አነሱ። ከዚያ ጎረቤት ቤት ሄደው ዋሉ።

ወደ እንጅባራ ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን የገበያ ቀን ነበር። ሰፍቼ የጨረስኳቸውን ዩኒፎርሞች ለትምህርት ቤት ላደርስ ጥቅሉን ይዤ ጋሪ ላይ ወጣሁ። ከገበያው ወጣ እንዳልን የጋሪው ጎማ ጉድጓድ ገባና ተነስተን ቁጭ አልን። ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ለቀቀ። እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። መጀመሪያ እንደ ሙቅ ነገር ተሰማኝ፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴ በሙሉ እንደ ጣውላ ደረቀ። መተንፈስ አቃተኝ። ባለጋሪው ፈረሱን አዙሮ ወደ መደብሩ መለሰኝ። የመደብሩ ባለቤት ሐጂ፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ሽማግሌ ናቸው፤ ወጥተው አዩኝና ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ባጃጅ ጠሩ። ባሌ መንገድ ላይ ስለነበር አማቴና ጎረቤታችን ደርሰው አብረውኝ ተሳፈሩ። መናኸሪያ ላይ ሚኒባስ ይዘን እንጅባራ ሆስፒታል ስንገባ ቆሜ መራመድ አልችልም ነበር።

ያየችኝ ዶክተር ወጣት ሴት ናት። እጇን ሆዴ ላይ አሳርፋ ገና ጫን ስትል ጮኽኩ።

«ከዚህ በኋላ አንጠብቅም። ዛሬውኑ ከፍተን እናያለን» አለች።

አማቴ «ቆሰበር መጥቶ ሆዱን ያልተቀደደ የለም፤ አይዞሽ» አሉኝ። እንጅባራን እስከ ዛሬ በድሮ ስሟ ነው የሚጠሯት። ቃሉ የሚያበረታ አልነበረም፤ እጄን ግን እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር አለቀቁትም።

ስነቃ ባሌ ደርሶ ነበር። ከንፈሬን በእርጥብ ጥጥ ይዳብሰኛል። በማግስቱ ዶክተሯ መጥታ አልጋዬ አጠገብ ቆመች።

«ያገኘነው ኦቫሪሽ ላይ፣ እንቁላል በሚያመርተው ክፍል ላይ ያደገ እጢ ነው» አለችኝ። «ቀስ እያለ ሲያፈስ ከርሟል። ውስጡ የነበረው ቅባት ሲንጠባጠብ ሆድ ዕቃሽን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ተቆጣ። ውኃ የቋጠርሽውም ያተኮሰሽም ለዚህ ነው። ጋሪው ላይ ደግሞ ጨርሶ ፈነዳ።»

«አወጣችሁት?»

«ከነኦቫሪው አወጣነው። በቀኝ በኩል ያለው ደህና ነው። ሆድሽንም ደጋግመን አጠብነው።» ወደ እኔ ጠጋ አለች። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሽፋኑ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ፍሬዎች ተበትነው አይተናል። ከቅባቱ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላ ነገርም ሊሆኑ ይችላሉ።»

«ሌላ ማለት ካንሰር?»

«ሊሆን ይችላል። አይደለም ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ናሙና ወስደን ባሕር ዳር ልከናል። መንገዱ ሰሞኑን አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ስለሚዘጋ ውጤቱ ሊዘገይ ይችላል።»

ባሌ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ አላለቀስኩም፤ ሳለቅስ ስፌቱ ያመኛል።

በዚያ ሰሞን ከካንሰሩ ወሬ ባላነሰ የከበደኝ የአማቴ ሁኔታ ነው። ከአጠገቤ አይጠፉም። እግሬን ያጥባሉ፣ አጥሚት ያጠጡኛል፣ ትራሴን ያስተካክላሉ። ዓይኔን ግን አያዩም። ራሳቸውም እህል አይቀምሱም። ጎረቤታችን ኦፕራሲዮኑ እንዳለቀ ወደ ዳንግላ ተመልሳ ነበር። ባሌን «ምን ሆነው ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ደክሟቸው ነው» ይለኛል፤ እሱም እንደዚያ ሲለኝ ዓይኔን አያይም።

አንድ ከሰዓት ዶክተሯ ቁስሌን አይታ ልትሄድ ስትል አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ይጠይቁኝ እማማ።»

«ያ ያሳየሽን ነገር ልጅ ነበር?»

ዶክተሯ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም ወደ አማቴ።

«ምኑ?» አልኩ።

«ፀጉር ነበረው» አሉ አማቴ፣ ለእኔ ሳይሆን ለዶክተሯ። «ረጅም ጥቁር ፀጉር። ጥርስም በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄም አይቷል፣ ጎረቤታችንም አይታለች። የልጅ ልጄ ከሆነ ልቅበረው ብዬ ነው።»

እዚህ አገር ከሆድ የወጣውን ለቤተሰብ ማሳየት የተለመደ ነው፤ ሐኪሙ ሠራሁ ያለውን ሰው እንዲያምን ነው። እኔ ግን በሰመመን ውስጥ ሆኜ ቤተሰቤ ምን እንዳየ የነገረኝ አልነበረም። ዶክተሯ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«በርታ እስክትል ብዬ ነበር የቆየሁት። እንግዲህ ሁለታችሁም ስሙኝ። ልጅ አልነበረም። ልጅ መሆንም የሚችል ነገር አይደለም። እንቁላል የሚያመርተው ክፍል ውስጥ ሁሉን መሥራት የሚችሉ ሴሎች አሉ፤ ቆዳም ፀጉርም ጥርስም። አንዳንድ ጊዜ ከእነሱ አንዷ ያለ ወንድ ዘር፣ ያለ ጊዜዋ ብቻዋን መሥራት ትጀምራለች። ፀጉር ታበቅላለች፣ ቅባት ታጠራቅማለች። ነፍስ የለውም፣ ልብ የለውም። ብዙ ሴት ላይ ይገኛል፤ እዚህም ስናወጣ የመጀመሪያችን አይደለም።»

«ሰው አድርጎባት አይደለም?»

«አይደለም።»

«በልታው፣ ወይ ከቆላ ይዛው መጥታ?»

«ቆላም ደጋም አያመጣው። ምናልባት ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ያለ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም፣ እማማ።»

አማቴ ወደ አልጋዬ ጠጋ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።

«ሰማሽ?» አሉኝ። «የማንም አይደለም።»

ያን ቀን ማታ ባሌ ያመጣውን እንጀራ ተቀምጠው በሉ። እኔ ደግሞ ስለ ፀጉሩ እያሰብኩ ቆየሁ። መጀመሪያ አስጸየፈኝ። ቆይቶ ግን ሰውነቴ ጠላት ሳይሆን ግራ ገብቶት የሠራው ነገር መስሎ ታየኝና ትንሽ ቀለለኝ።

ከሆስፒታል ስወጣ አማቴ ዳንግላ አትመለስም አሉ። «ጠያቂው ብቻ ይጨርሳታል። ጥርባ እኔ ቤት ትረፍ።» እናቴ ልትመጣ ፈልጋ ነበር፤ ከቆላ የሚያወጣው መንገድ ዝግ ነው። በስልክ ስታለቅስ አማቴ ስልኩን ተቀበሉኝ። ሁለቱ ሴቶች ከሠርጋችን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

«አታልቅሺ» አሏት። «መንገዱ እስኪከፈት እናቷ እኔ ነኝ።»

የጥርባ ቤታቸው በቀርከሃ የታጠረ ነው። ከጓሮው ጀምሮ ታናሽ ወንድማቸው የሚያርሰው የድንች ማሳ ይወርዳል፤ በዚያ ወቅት አበባ ይዞ ነበር። ጠዋት ጉሙ እስኪገለጥ ከብርድ ልብስ አልወጣም። ከዚያ ቀስ እያልን እንራመዳለን፤ እሳቸው ዘንጋቸውን ይዘው፣ እኔ ሆዴን በነጠላ አጥብቄ ታጥቄ። መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ቀጥሎ እስከ ማሳው ዳርቻ። እየበረታሁ ስሄድ የጥርባ ሐይቅ ቁልቁል እስከሚታይበት ጉብታ ድረስ መድረስ ቻልኩ። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ስለሆነ ጉዟችን ዓላማ ነበረው። ስልኬን ከፍቼ ከዶክተሯ የመጣ ጥሪ ካለ አያለሁ። የለም። እንመለሳለን።

በመንገዳችን አገውኛ ያስተምሩኝ ጀመር። ድንቹን፣ ፈረሱን፣ ቀርከሃውን እየጠቆሙ ይነግሩኛል፣ እኔ እደግማለሁ። ጉሮሮ ውስጥ የሚቀረውን ድምፅ ማውጣት አቅቶኝ ስታገል በሳቅ ፈነዱ። ስቄ ቁስሌን ያዝኩ። ያኔ ነው እኚህ ሴት ሲስቁ አይቼ እንደማላውቅ ያስተዋልኩት።

ሁሌ እንዲያ አልነበረም። አንዳንድ ቀን ጉብታው ላይ ተቀምጬ ስሞት ስፌት መኪናዬን ማን እንደሚወስደው አስባለሁ። አንዴ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ካንሰር ቢሆንስ?»

«ቢሆን ሌላ መንገድ እንሄዳለን። አዲስ አበባ ይሁን፣ የትም ይሁን።»

«አብረውኝ ይሄዳሉ?»

«እንግዲህ ብቻሽን ልልክሽ ነው?» አሉ፤ ጥያቄዬ ያስቀየማቸው ይመስል ነበር።

ጥሪው የመጣው ድንቹ ሊቆፈር ሲደርስ ነው። ጉብታው ላይ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ስልኩ በእጄ ላይ ጮኸ።

«ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለች ዶክተሯ። «ውጤቱ መጥቷል። ካንሰር...»

ተቋረጠ።

ስልኩን ወደ ላይ አነሳሁ፣ ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ወደ ግራ ሄድኩ። አማቴ ክንዴን ይዘው ወደ ላይ ጎተቱኝ። ጉብታው አናት ላይ ደርሰን ደወልኩ። አልገባም። ደግሜ ደወልኩ።

«ሄሎ? ካንሰር ምን?» አልኩ፣ ሰላምታም የለም።

«ካንሰር የለም» አለች። «እጢውም ካንሰር አይደለም፣ ነጫጮቹም አይደሉም። ሰውነትሽ ያንን ቅባት ሊውጥ ሲታገል የሠራቸው ቁስለቶች ናቸው። ቁጣውን የሚያበርድ ክኒን እሰጥሻለሁ፣ ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን። ትድኛለሽ።»

«የለም አለች» አልኳቸው ለአማቴ።

ዘንጋቸውን ጥለው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በአገውኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። ሲጨርሱ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ላንቺ የተባለ አይደለም» አሉኝ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ይልቅ ለባልሽ ደውይለት።»

ባሌ መሪ ላይ ነበር። መኪናውን ዳር አቁሞ ሲያለቅስ ተሳፋሪዎቹ ሰው የሞተበት መስሏቸው «አይዞህ» ሲሉት በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

ዳንግላ ተመልሼ በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ጠበቀኝ። የማላውቃቸው ሴቶች አልፈው ሄደው ዞረው ያዩኛል። የሚዜ ልብስ ሊያሰፉ ቀጠሮ የያዙ ልጆች ቀሩ፤ ሌላ ልብስ ሰፊ ጋ መሄዳቸውን ሰማሁ። ምክንያቱን በመጨረሻ የነገሩኝ ሐጂ ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው።

«ልጄ፣ ጥርስና ፀጉር ያለው ነገር ወለደች ብለው ያወራሉ። ዝም ብዬ ከምሰማ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ለአማቴ ላልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ግን ከእኔ ቀድመው ሰምተዋል። በቀጣዩ የገበያ ቀን ንጹሕ ነጠላ ለብሰው በረንዳው ላይ መጡ። ሐጂ ወንበር አወጡላቸው። ጎረቤታችን ከገጠር ከመጡ ዘመዶቿ ጋር ስታልፍ ጠሯት።

«ነይ እስቲ፣ ተቀመጪ» አሏት፤ ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። «ያን ቀን አንቺም ነበርሽ፣ እኔም ነበርኩ። ሁለታችንም ያየነው አንድ ነገር ነው። እኔም እንዳንቺ ደንግጬ እህል እምቢ ብሎኝ ነበር። አንቺ ቀድመሽ ስለሄድሽ ዶክተሯ ያለችውን አልሰማሽም። ልንገርሽ።»

ነገሯት። እንቁላሉን፣ ሴሏን፣ ፀጉሩን፣ ቅባቱን፣ ሽፋኑ ለምን እንደተቆጣ፣ አንዱንም ሳይዘሉ። ከዚያ ለገጠሮቹ ሴቶች በአገውኛ ደገሙት፤ የዚያን ጊዜ እኔም እዚህም እዚያም ቃል እየለቀምኩ እከታተል ነበር። ቆመው የሚሰሙት በዙ። አንዷ «ታዲያ ማንኛችንም ሊኖርብን ይችላል?» አለች። «ይችላል» አሏት አማቴ። «ስለዚህ ሆድሽ ሲያምሽ ወሬ ከምትጠይቂ ሐኪም ጠይቂ።» ጎረቤታችን ስትነሳ ጉንጬን ሳመችኝ። ወሬው በአንድ ቀን አልሞተም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት የሚጠይቀኝ በዛ፣ በጎን የሚያየኝ አነሰ።

ከሁለት ወር በኋላ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር አንዲት ሴት መጣች። ስፌት መኪናዬ ፊት ቆማ ስትፈራ ስትቸር ቆየች።

«ፀጉር ወለደች የሚሉሽ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ልጅ ነው ሲሏት እንደቆዩ፣ ጊዜው አልፎ እንዳልወለደች፣ ባሏ እሷን ማነጋገር እንዳቆመ ነገረችኝ። ወሬውን ሰምታ ለማንም ሳትናገር ነው የመጣችው። መኪናዬን ሸፈንኩ። አማቴን ከቤት ጠራኋቸው፤ ሴትየዋ አማርኛ ሲበዛባት የሚያግዛት ሰው ያስፈልግ ነበር። ሦስታችን በባሌ ሚኒባስ እንጅባራ ሄድን።

እጢው የእኔው ዓይነት ነበር፤ ግን አልፈሰሰም። ሽፋኑ ሳይቆጣ፣ ኦቫሪዋም ሳይነካ ብቻውን ተላጦ ወጣላት። ዶክተሯ በዚያው ቀን እኔንም በአልትራሳውንድ አየችኝ። ሆዴ ውኃ የለበትም። ክኒኑን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። «የቀረልሽ ኦቫሪ ሥራውን እየሠራ ነው» አለችኝ፣ «ዘንድሮ ልጅ ብታስቡ የሚከለክላችሁ ነገር አላይም።»

ስወጣ አማቴ ኮሪደሩ ላይ ከሴትየዋ ባል ጋር ተቀምጠዋል። ሰውዬው መልእክት ልከንበት ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ጥያቄውን ተረዳሁት። አማቴ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት መልሱን እኔ በራሱ ቋንቋ፣ በተሰባበረ አነጋገሬ ነገርኩት፤ የማንም ጥፋት አይደለም አልኩት። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ፣ ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ አኖረና ሚስቱ ወደተኛችበት ክፍል ገባ።